የቡና እጣቢና የጅማ ከተማ ምክር ቤት የአየር ንብረት ሥራ
(በዓለም የአካባቢ ቀን ለሕዝብ የቀረበ ዲስኩር)



በጥሪ ወረቀታችሁ ላይ «የከተማው ምክር ቤት የአየር ንብረት ሥራ ምን ደረሰ?» የሚል ርዕስ ታያላችሁ። ርዕሱን የሰጡኝ አዘጋጆቹ ናቸው። የእኔ የዕድሜ ልክ ሥራ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ መገልበጥ ስለሆነ ወደ ርዕሱ የምሄደው በወንዝ በኩል ነው። ትንሽ ታገሡኝ።

የምታውቁትን ባጭሩ ላስታውስ። አገራችን ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ የተባለውን ስትራቴጂ ይፋ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። እዚህ ጅማ የኮሪደር ልማቱ ያመጣውን ስትመጡ በእግራችሁ አይታችሁታል፤ እኔ ባልተርክላችሁም ይገባችኋል።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ከአንድ ቡና ማጠቢያ በላይ፣ ውሃው ጉልበት በሚደርስበት ቦታ ገብታችሁ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አንሱ። ከሥሩ ገላቸው ጠፍጠፍ ያለ፣ አብዛኞቹ ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸው ነፍሳት ሲተራመሱ ታያላችሁ። ሜይፍላይ የሚባሉ ናቸው፤ ብዙ ኦክስጅን ካላገኙ አይኖሩም። ከማጠቢያው በታች ውረዱና ሌላ ድንጋይ አንሱ። ድንጋዩ ከእጅ ያመልጣል፤ ግራጫ ንፍጥ መሳይ ነገር ለብሷል። ከሥሩ የምታገኙት ቀይ ትል ነው። ያቀላው ሄሞግሎቢን ነው፤ በእርሱ አማካይነት ከታፈነ ውሃ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ኦክስጅን ለቅሞ ይኖራል። እኔ መሣሪያ ባይኖረኝም ቀይ ትሉን ካየሁ ውሃው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ፈተና ላይ ግን አይስቁም።

ምክንያቱ የቡናው ስኳር ነው። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ያስፈልጋል። ከእሸቱ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ በመፈልፈያው የሚወጣው ቀዩ ልጣጭ ነው። ፍሬው ላይ የሚቀረው ሙጫ ደግሞ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ይታጠባል። ይህ እጣቢ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያ ይረባረብበታል፤ ስኳሩን ሲበላ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አለማየሁ ሀዲስና ራኒ ዴቪ በጅማ ዞን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ የእጣቢው የኦክስጅን ፍላጎት በሊትር እስከ 14,200 ሚሊግራም ደርሷል። በንጹሕ ወንዝ ይህ ቁጥር ከጥቂት ሚሊግራም አይዘልም። በወንዙ የሚጠቀመው ሰው የቆዳና የዓይን ማቃጠል፣ የራስ ማዞር፣ የሆድ ሕመም እንዳለበት የገለጸውም በዚያው ጥናት ነው።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ነው። እሸት የሚለቀመው ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ መጉደል ሲጀምር፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እጣቢው የሚበዛው ውሃው በሚያንስበት ወቅት ነው ማለት ነው። ማጠቢያ ውስጥ የሠራችሁ ደግሞ ሌላም ነገር ታውቃላችሁ። ገበሬው ቀን ለቅሞ ወደ ማታ ያስረክባል፤ እሸት ካደረ ስለሚበላሽ መፈልፈያው አመሻሹ ላይ ተነስቶ እስከ ሌሊት ይሠራል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ግን ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የቢሮ ሰዓት የሚያከብር ቁጥጥር ግን ሌሊት የሚለቀቅ ውሃ አያገኝም።

አንድ ኅዳር ጎማ ወረዳ ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ናሙና ስንወስድ አንድ አባት ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ከብቶቹ ዳር ደርሰው አሸተቱና ተመለሱ።

«አባቴ፣ ውሃው እንዲህ የሆነው መቼ ነው?» አልኳቸው።

«አንተ ልጄ፣ በጠርሙስ ቀድተህ ከተማ ወስደህ ነው የምታውቀው?» አሉኝ። «እነሱ እዚሁ አውቀውታል።»

ከብቶቹን ወደ ላይ ነዱና ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ሪፖርት ስጽፍ ከብቶቹ የት እንደሚጠጡ መጠየቅን የሥራዬ አካል አድርጌዋለሁ።

ማጠቢያውን ጠላት አድርጌ እንዳትረዱኝ። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በጀንፈል ደርቆ በርካሽ የሚሸጥ ቡና ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ማጠቢያ ሲያስፋፋ ያ ስም ተለወጠ። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የቡና ውድድር አንደኛ ወጣ። እዚያ ማኅበር ውስጥ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ... ማጨብጨብ ይገባል። እንግዲህ ገበሬውን ከርካሽ ዋጋ ያወጣው ሥራ ነው እጣቢውንም ያመጣው፤ ማጠቢያ ይዘጋ የሚል ሰው ከገበሬው ጋር አይነጋገርም። መፍትሔው እዚያው አለ። ፔናጎስን የመሰሉ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያዎች ከድሮው የዲስክ መፈልፈያ ጋር ሲተያዩ የሚጠቀሙት ውሃ በጣም ጥቂት ነው። ከማጠቢያው በታች የሚተከል የቬቲቨር ሣርም የተረፈውን እጣቢ ያጣራል። ሣሩን አይቼዋለሁ፤ የሚንከባከበው ካለ ይሠራል፤ የከብት መኖ ከሆነ አይሠራም።

ይህ የከተማ ምክር ቤትን ምን አገባው የሚል ሰው አለ፤ ከፊት ወንበር አንዱን እያየሁት ነው። ካርታ ይዤ ብመጣ ጥሩ ነበር። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ ውሃው ይለያያል። የአጋሮ ውሃ በዴዴሳ አድርጎ ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከዚያም በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ ወደተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ይገባል። የእኛው አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ቦዬ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው የ184 ሜጋ ዋት ግድብ አለ። መብራታችን የውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የወረዳ ድንበር አያውቅም። ጅማ ከተማ ግን ከጅማ ዞን የተለየ አስተዳደር ነው። ምክር ቤቱ ሥልጣኑ የከተማው ወሰን ላይ ያበቃል፤ ማጠቢያዎቹ የሚበዙት ከዚያ ውጭ ነው።

ለአየር ንብረቱም ቢሆን ጉዳዩ ቀጥተኛ ነው። እጣቢ ወንዝ እንዳይገባ ተብሎ ጉድጓድ ውስጥ ሲታቆር፣ ልጣጭም ሲከመር፣ ኦክስጅን በሌለበት ይበሰብሳል፤ የሚወጣው ሚቴን ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። በአገራችን የከተማ ሪፖርት የሚተከለውን ችግኝ ይቆጥራል፤ የሚበሰብሰውን ሲቆጥር እምብዛም አላየሁም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን አንድ ነገር ለማለት ነው፤ የቀረውን ብትረሱት ቅር አይለኝም።

ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን አሳዩኝ። እሺ፣ ልፍጠን።

አሁን ርዕሱ ቃል ወደገባው፣ ወደ ከተማው ሥራ ደርሰናል። መቀሸሪያ ቤቶች በር ላይ የቡና ገለባ ተከምሮ ለቀናት ሲጤስ ታያላችሁ። ያ ገለባ ተጠቅጥቆ ከሰል ይሆናል፤ በትንሽ አየር ከተቃጠለ ደግሞ ባዮቻር ሆኖ የዚህን አካባቢ አሲዳማ አፈር ይረዳል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ተመራማሪዎች የሠሩበት ነገር ነው። ከተማው ሊሠራው የሚችለውም ይህ ነው፤ ገለባው የሚጤሰው በራሱ ወሰን ውስጥ ነውና። የቦዬና የቂጦ ረግረግ በሸክላ ጡብ ቆፋሪና በባሕር ዛፍ እየተነካ ነው። ረግረግ ካርቦን ያከማቻል፣ ጎርፍ ያበርዳል፣ ጉማሬም ያኖራል፤ ባሕር ዛፍ ግን ይመጠዋል። እዚያ ላይ የሚተከል ችግኝ በሪፖርት ተቆጥሮ ረግረጉን ሊያደርቅ እንደሚችል ምክር ቤቱ ያስብበት። ስለ ደረቅ ቆሻሻና ስለ ባጃጅ የያዝኩትን ሁለት ገጽ ዘልዬዋለሁ፤ የፈለገ ወረቀቱን ይውሰድ።

ቡናውስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር ፕላንትስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የሞት (Moat) እና የባልደረቦቹ ጥናት ምንም ካልተደረገ አሁን ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል ይላል። ቡናው ወደ ደጋ ከወጣና ጫካው ከተጠበቀ ደግሞ ተስማሚው መሬት በእጅጉ ሊሰፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ እዚሁ ጅማ መልኮ ያሉ የቡና ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ያገኙት ቡና የሚበቅልበት ጫካ ስለነበረ ነው። ይህን ለብቻው ሌላ ቀን።

ከምክር ቤቱ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ከመጪው የማጠቢያ ወቅት በፊት፣ በመስከረም፣ ከዞኑና በወንዙ ላይኛው በኩል ካሉ ወረዳዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፤ ለሌሊት ናሙና የሚሆን የነዳጅና የአበል በጀት ይያዝ። ለመጀመሪያው ሌሊት ኅዳር ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እኔና ተማሪዎቼ እንወጣለን። የምክር ቤቱ አባላትም አብራችሁን ኑ። ቦቲ ጫማ ያላችሁ ያዙ፤ የሌላችሁ የእግራችሁን ቁጥር በሩ ላይ ለቆሙት ተማሪዎች ንገሯቸው። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ።