የመኻል ከተማ ንግድ ቤትና ነጋዴው


ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመኻል ከተማ ንግድ ቤት ነው። ፕላን የሚመረምር፣ የኪራይ ውል የሚያጸድቅ ወይም የካሳ መዝገብ የሚይዝ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ነገር ድርሻ አለውና፣ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

የአዲስ አበባን አራዳ ለምሳሌ እንውሰድ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ የአገሩን ሰው ገበያ ከዚያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ እርሱም ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። ፒያሳ የተባለው ሰፈር ግን በወርቅ ሠሪው፣ በልብስ ሰፊው፣ በኬክ ቤቱና በሲኒማው ንግዱን ቀጠለ።

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ እስከ 100 ብር የሚከራዩትም ቤቶች በቀበሌ ሥር ዋሉ። ኪራዩ ዝቅ በማለቱ አነስተኛው ነጋዴ በመኻል ከተማ ለመቆየት ቻለ፤ ነገር ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣራ ለማደስ እንኳ አልበቃም። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም»፣ አከራዩም «ገቢ የለኝም» ሲሉ፣ ቤቱ በመካከላቸው አረጀ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃና መብራት ተሠራ፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። ይህ ዓይንን ደስ ያሰኛል። ሆኖም ነጋዴ ደንበኛ የሚያፈራው በአንድ በር ላይ ብዙ ዓመት ቆሞ ነው፤ ዱቤ የሚያገኘውም ስለሚታወቅ ነው። ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር ዕቃውን በመኪና ይጭናል፤ ደንበኛውን ግን ሊጭነው አይችልም።

አዲስ ሕንፃም የወጣበትን ገንዘብ ለመመለስ ከፍ ያለ ኪራይ ይጠይቃል። ይህን ባንክ ሊከፍል ይችላል፤ ልብስ ሰፊና ጫማ ጠጋኝ ግን አይችሉም። ባንኩ ሲዘጋ ደግሞ መንገዱ ጭር ይላል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይታሰብ። አንደኛ፣ የመንግሥት ቤት ኪራይ ቢያንስ የእድሳቱን ወጪ የሚችል ይሁን። ሁለተኛ፣ በአዲሱ ሕንፃ ሥር ከመንገዱ ጋር የሚገናኙ ትንንሽ ሱቆች ለቀድሞዎቹ ነጋዴዎች በመጠነኛ ኪራይ ይጠበቁላቸው፤ ውሉም ቤቱ ሳይፈርስ ይፈረም።

እንግዲህ በማፍረሻ ትእዛዝ ላይ ማኅተም ከመምታታችን በፊት፣ የዚህ ቤት ነጋዴ ነገ ሱቁን የት እንደሚከፍት በመዝገቡ ላይ ተጽፎ መገኘቱን እንመልከት።