በሰው አገር የሚማር ልጅ ሌላ አገር ሊጎበኝ ሲያስብ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ልጁን ወይም ወንድሙን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የላከ ሰው በመካከላችሁ ጥቂት አይደለም። ተማሪውም አንድ ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ የዕረፍቱ ወራት ሲቃረብ «በጎረቤት አገር ያለችውን እኅቴን ልጠይቅ» ብሎ መጻፉ የተለመደ ነው። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ አገር ማየትም ከትምህርት ይቈጠራል። ነገር ግን ተማሪው ራሱ በእንግድነት ከተቀመጠበት ቤት ተነሥቶ የሌላውን በር የሚያንኳኳ መሆኑን ብዙ ጊዜ ይዘነጋዋል። የጎብኚ ቪዛው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲገለጥልን፣ በእንግሊዝ አገር የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት የምትኖር እኅቱን ለዐሥር ቀን ሊጠይቅ አሰበ እንበል። እንግሊዞች የሰጡት የተማሪነት ፈቃድ በጀርመን ድንበር አያስገባውም። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 29 አገሮች፣ ሼንገን በሚባለው ውል ተሳስረው የጎብኚ ቪዛን በአንድ ደንብ ይሰጣሉ፤ ውሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1985 የተፈረመው በሉክሰምቡርግ አገር ሼንገን በምትባል መንደር ስለ ሆነ ስሙን ከዚያው ወስዷል። እንግሊዝና አየርላንድ ግን የዚህ ቪዛ ማኅበርተኞች አይደሉም። በአንጻሩ በጀርመን የሚማር ልጅ የመኖሪያ ፈቃዱና ፓስፖርቱ የጸኑ እስከ ሆኑ ድረስ ፓሪስን ወይም ሮማን ለማየት ሌላ ቪዛ አይጠየቅም፤ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን እንዳያልፍ ብቻ ይጠነቀቃል።

እንግዲህ የእንግሊዙ ተማሪያችን ማመልከቻውን የት ያቅርብ? ብዙ ቤተ ሰብ «አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲ እኛ እንጨርስልህ» ይላል። አሳቡ የፍቅር ነው፤ ነገር ግን አይሆንም። ደንቡ አመልካቹ በሕግ በሚኖርበት አገር ወደሚገኘው ቆንስላ እንዲሄድ ያዝዛል፤ የጣቱንም አሻራ ሌላ ሰው ሊሰጥለት አይችልም። ቆንስላውም ብዙ ቀን የሚቀመጥበት አገር ቆንስላ ነው፤ ቀኑ በሁለት አገሮች እኩል የተከፈለ እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚገባበት አገር ይሆናል። «በእገሌ አገር በኩል ይቀላል» የሚለውን የጓደኛ ምክር ሰምቶ በአንዱ አገር ስም አውጥቶ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በድንበር ላይ የሚመልሰው ያጣል።

ጊዜውንም ማስላት ይገባል። ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር ቀድሞ፣ ከ15 ቀንም ዘግይቶ አይቀርብም። መልሱ በተለመደው ደንብ በ15 ቀን ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በሚያዝያ ወር 2024 ለኢትዮጵያውያን ይህ ጊዜ ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጣቸው፣ የአገልግሎት ፓስፖርት የያዙትም እንደ ማንኛውም ሰው እንዲከፍሉ ወስኗል። ምክንያት ያደረገው፣ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመመለስ ረገድ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም ማለቱን ነው። በመሥሪያ ቤቶች መካከል የተነሣውን ክርክር ዋጋ እንግዲህ ምንም የማያውቀው ተማሪ ከዕረፍት ቀኑ ላይ ይከፍላል! ስለዚህ ልጁ ከማመልከቱ በፊት የዕለቱን ደንብ ከቆንስላው ይጠይቅ። ክፍያው ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቆንስሉ ተማሪው እኅቱን መውደዱን አይመረምርም። የሚመረምረው «ይህ ሰው ጊዜው ሲያልቅ ይወጣልን? ወዴትስ ይመለሳል?» የሚለውን ነው። ከአዲስ አበባ የሚያመለክት የመንግሥት ሠራተኛ ሥራውን፣ ቤቱንና ልጆቹን ይጠራል። ተማሪው ግን ሥራም ቤትም የለውም፤ ያለው ማስረጃ ትምህርቱ ብቻ ነው። ስለዚህ መመዝገቡን፣ የዕረፍቱን ቀንና ትምህርት የሚቀጥልበትን ቀን የሚገልጥ ደብዳቤ ከተማሪ ቤቱ ማውጣት አለበት። በትምህርቱ መካከል የሚያመለክት ሰው ይታመናል፤ ፈቃዱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የሚያመለክተው ግን «ወዴት ትመለሳለህ?» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የሳሳ ነው። እንግሊዞችም የመኖሪያ ካርዱን ትተው ፈቃዱን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ስላደረጉት ፓስፖርቱን ያሳደሰ ተማሪ አዲሱን ቊጥር አስቀድሞ በዚያ መዝገብ ያስመዝግብ፤ ይህን ባያደርግ ሲመለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊጉላላ ይችላል። በአሜሪካ የሚማረውም እንዲሁ፣ በፓስፖርቱ ላይ የተለጠፈው ቪዛ ጊዜው ቢያልፍ እዚያው ሆኖ ትምህርቱን መቀጠል ይችላል፤ ወደ አውሮፓ ከወጣ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል።

ስለ ገንዘቡ የምናገረው በተለይ ለእናንተ ለወላጆች ነው። ወር በገባ ቊጥር ጥቂት ገንዘብ ብቻ ሲገባበት የቈየው የተማሪው የባንክ ሒሳብ፣ ማመልከቻው ሊቀርብ አራት ቀን ሲቀረው ከየዘመዱ በተለቀመ ገንዘብ ድንገት ቢያብጥ፣ ቆንስሉ ከሙላቱ ይልቅ ድንገተኛነቱን ያያል። ከዚህ ይልቅ እውነቱን መጻፍ ይሻላል፤ አባቱ የሚረዳው ከሆነ የአባቱን ትክክለኛ ደመወዝ የሚያሳይ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ገንዘቡ የተላከበት ደረሰኝ ይያያዝ። እኅቱ ወጪውን የምትችል ከሆነ ደግሞ በጀርመን ደንብ የውጭ አገር ሰዎችን ጉዳይ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርባ ወጪውን በኀላፊነት መቀበሏን ልትፈርምለት ትችላለች። ይህ ወረቀት ከዐሥር የባንክ ማኅተም ይበልጣል።

በደመወዝ ደብዳቤ ላይ ቊጥር የሚጨምር፣ ያልተያዘ ሆቴል ተይዟል የሚል ወረቀት የሚያሠራ ወዳጅ ግን ለልጁ አልራራለትም። ማመልከቻውና የተሰጠው ውሳኔ በሼንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ለ5 ዓመት ይቀመጣል። የእንግሊዝ መንግሥትም የተማሪነት ፈቃድ ማራዘሚያ ሲጠየቅ «ከማንኛውም አገር ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህን?» ይላል። ለዐሥር ቀን ጉብኝት የተጻፈ ሐሰት የሦስት ዓመት ትምህርትን ያናውጣል።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ፓስፖርቱ ከተሰጠ ከ10 ዓመት ያላለፈውና ከመውጫው ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል ይሁን፤ የሕክምና ዋስትናውም ከ30,000 ዩሮ አይነስ። የአውሮፕላን ቲኬት ግን ቪዛው ሳይገኝ ገንዘብ አይከፈልበት፤ የተያዘ ቦታ ማስረጃ ይበቃል።

ቢከለከልስ? ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይግባኝም ይፈቀድለታል፤ የይግባኙ አካሄድና ቀነ ገደቡ በዚያው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ምልክት የሚደረግበት «ጊዜው ሲያልቅ ከአገር ስለ መውጣቱ ጥርጣሬ አለ» የሚለው ነው። ተማሪው ያጐደለው የተማሪ ቤቱ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ያንኑ አሟልቶ እንደ ገና ማመልከት ይችላል፤ በዚያን ጊዜም ቀድሞ መከልከሉን ሳይደብቅ ይጻፍ።