ያላስገባኋት ማመልከቻ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ፍሬሽነትህ ጊዜ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ፣ ስለ ካፌው ሽሮና ስለ ዶርሙ ቀልድ ማውራት ይቀለኝ ነበር። ግን ለብዙዎቻችሁ ነግሬያችሁ የማላውቀውን ልናገር። እኔ በገባሁ በሁለተኛው ወር ከዚህ ግቢ ልሄድ ነበር።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተጀመረው፣ በኋላም የቴክኒክ መምህራን ሲያሠለጥን የቆየው ግቢያችን፣ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ ገና ወራት ነበሩ። የኔ አንደኛ ምርጫ ግን አምስት ኪሎ ነበር። ምደባው ሲወጣ ለሰፈሬ ልጆች አዲስ አበባ፣ ለኔ አዳማ ደረሰን። ቤተሰቦቼ «መቶ ኪሎ ሜትር ምን አላት? ሩቅ አገር ብትመደብስ ኖሮ!» ብለው ተደሰቱ። እኔ ሻንጣዬን ይዤ የወረድኩት እንደ ተሸነፈ ሰው ነበር።

ኅዳር ላይ ንፋሱ መጣ። የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ዘግታችሁም ደብተር ላይ ይተኛል። ዓርብ ዓርብ ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፌ ቤቴ ነኝ፤ እሑድ ማታ ተክዤ እመለሳለሁ። ዝውውር ፈለግሁ። ምደባ ግን እንዲሁ አይቀየርም፤ በቂ ምክንያት፣ በተለይም የጤና ችግር ያስፈልጋል። አንድ ዘመዴ «ይሄማ ቀላል ነው» አለና፣ አስም አለበት የሚል የሐኪም ወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ። እኔ አስም ይዞኝ አያውቅም። ማመልከቻ ጽፌ፣ ሰኞ ሪጅስትራር ላስገባ ሁለቱንም ፍራሼ ሥር አስቀመጥኩ።

በዚያ ሳምንት ቤት አልሄድኩም ነበር። ቅዳሜ ሌሊት አንዱ የዶርማችን ልጅ፣ የባቱ ልጅ ነው፣ ያኔ ዝዋይ ነበር የምንላት፣ ትንፋሽ አጠረው። አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ መናገር አቃተው። ዘበኛው መኪና ለምኖልን ሆስፒታል አደረስነው። ሲነጋጋ ቀለል አለውና፣ «እኔም እኮ ዝውውር ልጠይቅ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ፎርጅድ ወረቀት እያመጣ ማን ያምነኛል?» አለኝ። የኔን ወረቀት አያውቅም። መልስ አጣሁ።

እሱ በሽታው አለው፣ ወረቀት የለውም። እኔ ወረቀቱ አለኝ፣ በሽታው የለኝም።

ዶርም ተመልሼ ራሴን ጠየቅኩ፤ ታዲያ የኔ በሽታ ምንድን ነው? አንደኛው ኀፍረት ነበር፤ የሰፈር ልጆች «የት ደረሰህ?» ሲሉኝ የሚሰማኝ። ሁለተኛው አፕላይድ ማትስ ነው፤ ሚድ ላይ ከ30፣ 9 አምጥቼ ነበር። ያ ትምህርት ደግሞ አምስት ኪሎ ብሄድም ይጠብቀኛል!

የሐኪሙን ወረቀት ቀደድኩት። ማመልከቻዋን ግን አስቀመጥኳት። ለራሴም እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠሁት። እስከዚያ ዓርብ ዓርብ ቤት አልሄድም፤ ያልገባኝን መምህሩ ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ ያኔም መሄድ ከፈለግሁ እውነተኛውን ምክንያት ጽፌ አመለክታለሁ። መምህሩ ዛሬ እዚህ አዳራሽ አሉ። በ9 ነጥቤ አልሳቁም፤ ጠመኔ አንሥተው ከሃይስኩሉ ሂሳብ ጀመሩልኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማመልከቻዋን አወጣሁና አነበብኳት። የሌላ ሰው ደብዳቤ መሰለችኝ።

ጓደኛዬ ግን ሄደ። በሐኪሞች ተመርምሮ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ደጋ አገር ተዛወረ፤ እዚያው ተመረቀ። እስከ ዛሬ እንደዋወላለን። እሱ በመሄዱ እኔም በመቅረቴ ተሳስተናል አልልም። እሱን የወሰደው ሳንባው ነው፤ እኔን ሊወስደኝ የነበረው ውሸት ነው።

ዛሬ ግቢያችን የራሱን የመግቢያ ፈተና እየሰጠ ተማሪ ይቀበላል። ቢሆንም ወዶና ተወዳድሮ የመጣ ልጅም ኅዳር ላይ ሊከፋው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪ «ልሄድ ነው» ሲላችሁ፣ ሂድም ቅርም ከማለታችሁ በፊት ሚዱን ስንት እንዳመጣና ከማን ጋር እንደሚበላ ጠይቁት። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ፣ እያንዳንዳችን የአንድ ፍሬሽ ስልክ ይዘን ኅዳርን እንሻገርለት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለአንዱ ዝግጁ ነኝ፤ ከመድረክ ስወርድ ስሜን መዝግቡልኝ።

ንፋሱንማ ታርቀነዋል። ያኔ የሸሸሁት ንፋስ ዛሬ ከከተማው ወጣ ብለው የተተከሉትን፣ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ያዞራል። አቧራው ግን ያው ነው።