ፈረስ ሲደነብር



አገር ቤት ፈረስ ያሳደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልተገራ ፈረስ ነፋስ የሚያንኮሻኩሸው ፌስታል ወይም የተዘረጋ ጃንጥላ ሲያይ ደንብሮ ይሸሻል። ይህ ክፋት አይደለም። ፈረስ ከአውሬ የሚድነው በሩጫ ስለሆነ አስቀድሞ ይሸሻል፤ ኋላ ዞር ብሎ ያያል። ዓይኖቹም በግራና በቀኝ ስለሆኑ ከአፍንጫው ሥርና ከበስተኋላው ያለው ነገር አይታየውም።

ብትገርፉት ሕመሙን ያመጣበት ፌስታሉ ይመስለዋል፤ ሌላ ቀን የባሰ ይደነብራል። ይልቅ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ይየው፤ ሲረጋጋ ቀርቦ ያሽትተው፤ እየደጋገመ ይለምደዋል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁም እዚህ ሊፍት ወይም የሚንቀሳቀስ ደረጃ ሲፈራ አትቆጡት፤ አትጎትቱት። እጁን ይዛችሁ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ይመልከት፤ ከዚያ አብራችሁ ግቡ።

ደህና ሁኑ።