ማይክሮፎንና ትንሿ አምፑል



ይህ ቃል ከእናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት የመጀመሪያው በር ማይክሮፎን ነው። ዛሬ የአንዱን ዝነኛ ማይክሮፎን ታሪክ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1920ዎቹ ዓመታት ጌኦርግ ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ በበርሊን ከተማ ከእብነ በረድ የተጠረበ ማይክሮፎን ሠርቶ ነበር። በውስጡ የከሰል ብናኝ ነበረበት፤ ድምፅ ብናኙን ሲጫነው በዚያ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይበዛል፥ ያንሳል። ዳሩ ግን ከሰሉ ራሱ ያለማቋረጥ ሹ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር።

ስለዚህ ኖይማን በ1928 የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ሌላ ዘዴ ያዘ። ይኸውም እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ከብረት ሰሌዳ ፊት፥ ሳይነካው፥ መወጠር ነው። ድምፅ ሽፋኑን ሲያርገበግበው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይለዋወጣል፤ ከዚህም የኤሌክትሪክ ምልክት ይገኛል። ምልክቱ ግን ደካማ ስለ ሆነ በሽቦ ርቆ ለመሄድ አይችልም። ከአጠገቡ ሆና የምታግዘው፥ በአሮጌ ሬዲዮ ውስጥ የምናውቃት ዓይነት አምፑል ታስፈልጋለች።

በ1943 የበርሊኑ ፋብሪካ በቦምብ ስለ ተቃጠለ ሥራው ጌፌል ወደምትባል ትንሽ ከተማ ተዛወረ። ኖይማን ከጦርነቱ በኋላ በበርሊን እንደገና ሥራ ጀምሮ በ1949 «ዩ 47» የተባለውን አወጣ። ይህ ማይክሮፎን እንደ ተፈለገው ከዙሪያው ሁሉ ወይም ከፊቱ ብቻ ድምፅ ስለሚቀበል በአውሮፓና በአሜሪካ ስቱዲዮዎች እጅግ ተወደደ።

ቦምብ ያላጠፋውን ሥራ ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ አስቆመችው። የዩ 47 አምፑል «ቪ ኤፍ 14» ትባላለች፤ የቴሌፉንከን ድርጅት የሠራት ለሬዲዮ መቀበያ ነበር። ከብዙዎቹ መካከል ለማይክሮፎን የሚበቁት ተመርጠው «ኤም» የሚል ፊደል ይደረግባቸው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቴሌፉንከን አምፑሏን መሥራት አቆመ። ኖይማን በ1960 «ዩ 67» የተባለውን ተተኪ አቀረበ፤ ዩ 47ም በ1960ዎቹ አጋማሽ መሠራቱ ቀረ። ዛሬ አሮጌውን የያዘ ሰው ደኅና አምፑል ለማግኘት ብዙ ገንዘብ ያወጣል፥ አለዚያም በሌላ ዓይነት ይተካዋል።

አድማጮቼ፤ ለመሥሪያ ቤታችን መሣሪያ ስንገዛ ዋጋውን እንጠይቃለን፤ መለዋወጫው እስከ መቼ እንደሚገኝ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። አንድ ትንሽ ዕቃ ጎድሎት በየጥጉ አቧራ የለበሰውን መኪና ሁላችንም እናውቀዋለን። እንግዲህ በሚቀጥለው ግዢ ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ትንሿን አምፑል እናስታውስ።

ደኅና እደሩ።