ስለ አጸዳችን ጥላ
(በኢዮቤልዩው በዓል የተደረገ ንግግር)



ሌሎች ስለ ሕንጻው ሥራ ተናግረዋል፤ እኔ ግን ስለ አጸዱ ጥቂት ቃል እንድናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። በምዕራብ በኩል ቆመው የነበሩት ሁለቱ ሾላዎች ባለፈው ክረምት በነፋስ እንደ ወደቁ ሁላችሁ አይታችኋል። ከሥራቸው ሕፃን የታቀፉ እናቶች ይቀመጡ ነበር፤ ጎደሬውና ቅጠለ ሰፋፊዎቹ አበቦችም በዚያው ጥላ ያደጉ ነበሩ። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለች ቈላ ስለ ሆነች፥ ጥላ ለእኛ ጌጥ ሳይሆን መጠለያ ነው።

ዝናሙ አልፎ ፀሐይ በበረታ ጊዜ ቅጠሉ ተቃጠለ። እኔም በጥር ወር ተክሉን በችኰላ አስነቅዬ ወደ ሌላ ስፍራ አዛወርሁት፤ የሚበዛውም ደረቀ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በጥላ ያደገ ቅጠል ስስና ሰፊ ስለ ሆነ ድንገተኛ ፀሐይን አይችልም፤ ሥሩ ሕያው ከሆነ ግን በብርሃን የሚወጣው አዲስ ቅጠል ወፈርና ጠበብ ብሎ ይበቅላል። ጎደሬም ውኃ ካልጎደለበት ፀሐይን ይታገሣል። እንግዲህ ቅጠሉ የተቃጠለ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም።

የመዠንግር ገበሬዎች ቡናቸውን በዋንዛና በሌሎችም ታላላቅ ዛፎች ሥር ያበቅላሉ፤ ደናቸውንም ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ጥላው በአንድ ጊዜ የተወሰደበት ቡና ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ይደክማል። ስለዚህ ጥላ የሚጠፋው በአንድ ቀን ሲሆን፥ የሚመለሰው ግን በየደረጃው ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ባዶው ስፍራ በሲሚንቶ ይሸፈን ብለዋል። ሐሳባቸው ጭቃን ለማስቀረት እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሲሚንቶ ሙቀትን ይይዛል፥ የዝናሙንም ውኃ ወደ መሬት እንዳይገባ ይከለክላል። ከዚህ ይልቅ አራት ነገር እናድርግ። አንደኛ፥ የተረፈውን ተክል ሥር በደረቅ ሣርና በቅጠል እንጎዝጉዝ፤ ማለዳም እናጠጣ። ሁለተኛ፥ መዛወር ያለበትን ዝናም ሲጀምር ከሕንጻው በስተ ምሥራቅ እንትከል፤ በዚያ የጧት ፀሐይ ያገኛል፥ ከቀትር በኋላ ግን ግድግዳው ይጋርደዋል። ሦስተኛ፥ ፈጥነው የሚያድጉትን ሙዝና ፓፓያ ለጊዜው ጥላ እንትከል። አራተኛ፥ በመካከላቸው ለልጆቻችን የሚሆኑትን ማንጎና ሁመር እንትከል።

ሾላዎቹን ማን እንደ ተከላቸው ከእኛ የሚያውቅ የለም፤ ከጥላቸው ግን ሁላችን ተቀምጠናል። በሚመጣው ሰኔ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ችግኝ ተረክቦ፥ ሦስት በጋ እስኪያልፍ ውኃ ያጠጣ ዘንድ እለምናለሁ። ችግኝ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ እንስራ ተሸክሞ መምጣት ግን የፍቅር ሥራ ነው።