እንግዳው ሰውና የተቀበለው አደራ
በሀቢቾ ቤተ ክርስቲያን የኢዮቤልዩ በዓል የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የኢዮቤልዩ በዓል በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ፥ ባሪያውም አርነት ይወጣ፥ በችግር የተሸጠውም ርስት ለባለቤቱ ይመለስ ነበር። የሥርዓቱም ምክንያት በዚያው ምዕራፍ ተገልጧል፤ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ገንዘብ ናትና፥ ሰው በእርስዋ ላይ እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም። እንግዲህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሁሉ፥ ሰው ወደ መንግሥተ ሰማያት ከመጠራቱ አስቀድሞ በምድር ላይ ስለ ምን እንደ ተቀመጠ ሊመረምር ይገባዋል።

አባቶች ሲያስተምሩ፥ ሰው የተፈጠረው የፈጣሪውን ስም ቀድሶ ክብሩን ይወርስ ዘንድ ነው ይላሉ። ክብሩን መውረስ በሰማይ ይፈጸማል፤ ስሙን መቀደስ ግን እዚሁ በእርሻው፥ በገበያው፥ በቤቱ ውስጥ ይጀመራል። ይህን ያልተረዱ ሰዎች በሁለት መንገድ ይስታሉ። አንደኛው እንግድነቱን ረስቶ፥ ስለ አንድ ክንድ መሬት ከወንድሙ ጋር ተካሶ፥ ተጣልቶ ይሞታል። ሁለተኛው ደግሞ ዓለም ኃላፊ ነው እያለ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በወንጌል እንደ ተነገረው፥ መክሊቱን በመሬት የቀበረው ሎሌ አልሰረቀም፥ አላጠፋምም፤ የተፈረደበት አደራውን ሳይሠራበት በመመለሱ ነው።

የሀቢቾ ገበሬ ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን ተክል በጓሮው አለው፤ እርሱም እንሰት ነው። እንሰት ዛሬ ተተክሎ ነገ አይበላም። ችግኙ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዛወረ፥ ፍግ እየተደረገለት፥ ዓመታት ይቈያል፤ ከተፋቀም በኋላ ቆጮው በጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እስኪብላላ ድረስ ይጠበቃል። ሽማግሌው ሲተክል፥ ከዚያ ተክል እርሱ ይብላ ወይም የልጁ ልጅ ይብላ አያውቅም፤ ነገር ግን ይተክላል። አባቱ ስለ ተከለለት እርሱ በልቷልና። የክርስቲያንም ኑሮ እንዲሁ ነው፤ ፍሬውን ሌላው ይለቅመው ዘንድ በእምነት ይደክማል፥ ዋጋውንም ከሰማይ ይጠብቃል።

በዚህ ዘመን ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች ኑሮን ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። በላኩት ገንዘብ የወላጆቻቸው ቤት ታድሷል፥ ታናናሾቻቸውም ተምረዋል፤ ይህ የፍቅር ሥራ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም። ነገር ግን በመንገድ የቀሩ አሉ። በመጋቢት ወር 2012 ዓመተ ምሕረት በሞዛምቢክ አገር በቴቴ ግዛት፥ በጭነት መኪና ላይ በነበረ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች አየር አጥተው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩም ተነገረ። ልጃቸውን ሸኝተው ድምፁን ዳግመኛ ያልሰሙ እናቶች ኀዘናቸው በቃል አይገለጽም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ ጋር ከማልቀስና ከመጸለይ በቀር በሙታኑ ላይ ልትፈርድ አልተሾመችም።

ለሕያዋን ግን ቃል አላት። የጎረቤቱን ፎቅ ቤት እያሳየ ልጁን የሚያሳፍር ወላጅ፥ የሰውን ሕይወት በቆርቆሮና በግንብ እንደ መዘነው ይወቅ። በአገሩ ቀርቶ የሚያርሰውም እንደ ተናቀ አይቍጠር፤ በሩቅ አገር የሚሠራውም እንደ ጠፋ አይታሰብ። ሁለቱም እንግዶች ናቸውና፥ የሁለቱም አደራ አንድ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ የፍርድ ቀን ጥያቄ አስቀድሞ ታውቋል፤ የሚጠየቀውም ስለ ተራበውና ስለ ተጠማው፥ ስለ ታረዘውና ስለ ታመመው፥ ስለ ታሰረውና ስለ እንግዳው ነው። ምን ያህል ርቆ እንደ ተጓዘ፥ ምን ያህልም እንደ ሰበሰበ የሚጠየቅ የለም። ጌታም ራሱን ከእንግዳው ጋር ቈጥሮታል፤ ስለዚህ እንግዳ የሆነ ሰው እንግዳ ሲቀበል ፈጣሪውን ይቀበላል።

ስለዚህ የዚህ በዓል ፍሬ በዝማሬና በድግስ ብቻ የሚፈጸም አይሁን። የተጣላ ይታረቅ፤ ድንበር የገፋ ይመልስ፤ ድኻን በብድር ያስጨነቀ ይተውለት፤ ልጁ በስደት የቀረባት እናት በዓሉን ብቻዋን አትዋል። ሆሳዕና ከተማ ስሟን ያገኘችበት በዓል ራሱ ምሳሌ ነው፤ ዘንባባ ይዘው የዘመሩት ሕዝብ የጌታ መንገድ በዚያ የተፈጸመ መስሏቸው ነበር፤ እርሱ ግን በመስቀል አልፎ ወደ ትንሣኤ ደረሰ። የሰውም መንገድ እንዲሁ በሥራና በመከራ አልፎ ወደ ዕረፍት ይደርሳል።

የዛሬውን ኢዮቤልዩ ያሳየ አምላክ፥ የማያልፈውን ኢዮቤልዩ ለሁሉ ያድል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።